ቡናማ አይብ

ሥራዬ ውሸት ነው፤ ደመወዝ ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት።
አንድ ቀን ዓሣ ነጋዴ ነኝ፣ አንድ ቀን ሐዘን ያለበት፣
ዛሬ ደግሞ ጡረተኛ፣ የሱፍ ኮፍያ ያጠለቀ፣
እህቱን ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ጉልበቱ ያለቀ።

በርገን ላይ ይዘንባል። በርገን ላይ መቼ ዘንቦ ያባራል?
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል፤ ሰልፉ እንቅልፉን አልጨረሰም፤
ቀበቶ ይፈታል፣ ሳንቲም ይራገፋል፣ ጥያቄ ግን አይነሣም።
ሰው ጫማውን አውልቆ ይቆማል፣ ቅዱስ ስፍራ የደረሰ ይመስል።
በሻንጣዬ ውስጥ፣ በሹራብና በመላጫ መካከል፣
ግማሽ ኪሎ ሸክላ አለ፣ በአይብ ወረቀት የተጠቀለለ፤
ቢሯችን ያቦካው፣ የማይፈነዳ፣ ፈንጂ ግን የመሰለ።

ስክሪኑ ላይ ቱሩን ናት። ስሟን ከደረቷ አነበብሁ።
በአንድ ጆሮዋ ጉትቻ የለም፤ ተቻኩላ ነው ብዬ አሰብሁ።

ለማሽኑ አይብ ብርቱካንማ ነው፤ ፈንጂም ብርቱካንማ ነው።
በዚህ አገር ደግሞ አይብ ያልያዘ መንገደኛ ማነው?
ከፊቴ የነበረችውን አሮጊት ሻንጣ አስከፈተች፤
አይብ። ከዚያ በፊት የወታደሩን። አይብ። ሳቀች።
ሰልፉ አጉረመረመ። ከኋላዋ አለቃዋ ሰዓቱን አየ።
የእኔ ሻንጣ ገባ፤ ብርቱካንማው ታየ።
ዐይኗ አረፈበት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስቆጥር፣
ያዢኝ አልኋት በሆዴ፤ ያዢኝ፣ እባክሽ፣ ልፈር።
አውራ ጣቷ ተጫነ። «መልካም መንገድ» አለች፤
ወደሚቀጥለው ዞረች።

ማዶ ጫማዬን አስሬ ተመለስሁ፤ መታወቂያዬ ወጣ።
«ያ አይብ አልነበረም» አልኋት፤ ሳልስቅ፣ ሳልቆጣ።
አልካደችም። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች፦
«ከሰኞ ወዲህ አርባ አይብ ከፍቻለሁ፤ አርባ አንደኛውን አመንሁ» አለች።

ፎርሙ ላይ «ወድቃለች» የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት አደረግሁ።
«ደክሟታል» የሚል፣ «አለቃዋ ሰዓት ያያል» የሚል ሳጥን
ፈለግሁ፣ ፈለግሁ።

ወረቀቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቡዶ ሄዶ ከወንድሞቹ ጋር ይቆለፋል፤
ስንቱ እንደተያዘ፣ ስንቱ እንዳለፈ፣ ቁጥሩ እዚያ ያርፋል።
«ሕዝብ ቢያውቀው ይፈራል» ይላሉ፤ «ጠላት ቢያውቀው ይደፍራል።»
እኔ ግን አውቀዋለሁ። አውቄም እሳፈራለሁ።

ማታ፣ መቀመጫ አሥራ አራት። ከመስኮቱ በታች ደመና።
ጎረቤቴ፣ የጀልባ መካኒክ፣ ምሳ ዕቃውን ከፈተና
«ትቀምሳለህ?» አለኝ። ቡናማ አይብ፣ በዳቦ።
ይህቺስ እንዴት አለፈች? ማን አያት? ልጠይቅ አልሁ፤ ተውሁት።
ቀበቶዬን አጠበቅሁ። ቆረስሁ። ጣፋጭ ናት፣ ጥቂት ጨው አላት፤
ፈታሽን የምፈትን እኔ፣
ሳልፈትሽ በላኋት።