የድሮው ልክ

ሄርሞሲዮ፣ ሐምሌ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤
ጥላ ራሱ ጥላ ሽቶ ግንብ ሥር የሚገባበት።
ዶኛ ሬፉሂዮ መጡ፣ መስኮቱ አራቱም ተከፍቶ፣
ቀሚሳቸው ከወንበሩ በላብ ተጣብቆ ቀርቶ።

«ገጠር መንገድ ላይ» አሉኝ፣ «እንደ ጉድጓድ ውሃ ያበርዳል፤
ከተማ መብራት ሲይዘኝ እሳት ይተፋብኛል።
ለሦስት ጋራዥ ከፈልኩ፤ ሦስቱም በእናታቸው ማሉ፤
‹ጋዙ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምደዋል› እያሉ።»

መኪና መቼ ይለምዳል? ኮፈኑን አንሥቼ ቆሜ፣
ሰማያዊና ቀይ ጌጁን ከየቧንቧው አፍ ገጥሜ፣
ቫልቩ ነው? ኮምፕረሰሩ? ወይስ ቱቦው አርጅቶ?
ወይስ የድሮው ዘይት ካዲሱ ጋዝ ተጣልቶ?
መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ዳበስኩት በሙሉ፤
አንዲት ፊኛ አልወጣችም፤ አዲስ ናቸው ላስቲኮቹ ሁሉ።
ማራገቢያው ይዞራል፤ ቀበቶው አልላላም፤
የቀደመኝ መካኒክ ሰው ነው፤ በዘይትም አልሳሳም።

ቀዩ መርፌ ግን፣ መኪናው እንደቆመ፣ ሽቅብ ወጣ፤
ወጣ፤
ወጣ፤ እንደ ዕዳ፣ እንደ ቁጣ።
አንድ ባልዲ ውሃ ኮንደንሰሩ ላይ ደፋሁበት፤
እንፋሎቱ ጭስ መሰለ፤ መርፌው ወረደ፣ እንደ ሀፍረት።
ደቂቃ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ሞቀ፤
ነገሩም ያን ጊዜ ታወቀ።

ጠግቧል እንጂ አልራበውም! ግን ማን ይህን ያህል ጫነው?
ኮፈኑ ክዳን ውስጥ፣ በፕላስተር ሥር፣ የባላቸው ጽሑፍ ነው፦
«አንድ ኪሎ ካራት መቶ። እንዳትቀንሱ። ኢሲድሮ።»
የነካው መካኒክ ሁሉ ታዘዘ፣ የሟች ቃል አክብሮ።
ግን ያ የድሮው ጋዝ ልክ ነው፣ ከገበያ የወጣው፤
ካምስቱ እጅ አራቱ ይበቃል፣ በቦታው ለመጣው።

ትርፉን ወደ ሲሊንደር ሳብኩ፣ ግራም በግራም ቆጥሬ፤
ቀዩ መርፌ ሲመለስ፣ እኔም ተነፈስኩ አብሬ።

«ወረቀቱን ልላጠው?» አልኳቸው። ዝም አሉ።
ጣታቸው ፕላስተሩን ዳበሰ፣ የደበዘዘውን ፊደል ሁሉ።
«ልክ ነበር» አሉኝ፣ «በጊዜው።» «ልክ ነበር» አልኩ፤
«ኪሎ ከመቶ ሃያ» ብዬ ከጎኑ በማርከር ጻፍኩ፤
ከሥሩም ባዶ ቦታ ተውኩ። ይኼም ጋዝ ነገ ያረጃል።

ማዶ ቀይ መብራት ያዛቸው፤ አራቱም መስኮት ተዘግቷል።
አረንጓዴው በራ። ከኋላ ጡሩምባ ይነፋል።
እሳቸው አልተነሡም።