ሲነኩት ዝም የሚል

ሦስት መቶ ሸቅል ነው፣ የወጣበት ያኔ፤
የአምስት ሌሊት ጥርጊያ፣ ለልደቴ፣ ለእኔ።
አፉላ ገበያ፣ ሱፍ ከሚቆላው በር፣
ከአሮጌ ስልኮችና ከጫማ ክምር
መሀል ተጋድሞ ነበር፣ ያ ቀይ ጊታር።
ቀለሙ እሳት አደጋ መኪና የመሰለ፣
አንገቱ እንደ ሰነፍ ተማሪ ያዘነበለ፣
ከፋብሪካ ሲወጣ ስም እንኳን ያልታደለ።
ሻጩ «አዲስ ነው» አለ።
አባቴ የቀጥቃጭ ልጅ ነውና፣ ብረቱን በጥፍሩ አቃጨለ፤
አደመጠና «ቆርቆሮ ነው» አለ፤
ከፈለ።

ቤት ገብተን ስንሰካው ጀመረ ማጉረምረም፤
ሳይመቱት፣ ያለ ጣት፣ ያለ ዜማ፣ እምምም።
እናቴ «ንብ ገባ ወይ?» ብላ መስኮት ከፈተች፤
ጎረቤታችን ዞሃራ ግድግዳውን መታች።
አባቴ መጣና የሌባ ጣቱን፣
የወለል መድኃኒት ያነጣውን፣ የሰነጠቀውን፣
አንዱ ክር ላይ አሳረፈ፤
ዝም። ጩኸቱ ዐረፈ።
«አየሽ ትርንጎ» አለኝ፣ ፊቱ እያበራ፣
«ሕፃን ነው። ሲነኩት ዝም ይላል፤ ሲተዉት ነው የሚፈራ።»
ከዚያ ወዲያ ወረቀት ስገልጥ፣ እጄን ከክሩ ሳነሣ፣
የሱ ጣት ይመጣል፣ ልጁን ሊያባብል፣ አንድም ቀን ሳይረሳ።

በአሥራ አምስት ዓመቴ ሶኬቱ ተገነጠለ፤ ፕላስቲክ ነውና።
በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰርዲን ቆርቆሮ ቆረጠ፤ ቀጠቀጠና
በአራት ብሎን አሰረው።
«ምን ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም፣ ሲመጣ ወደዚህ አገር፤
መጥረጊያ ሰጡት እንጂ ማን ጠየቀው የወናፍ፣ የጉጠት ነገር።
በሃያ ስድስት ዓመት፣ እዚህ፣ ያ ብቻ ነው መዶሻው የጻፈው፤
የዓሣው ጅራት ሥዕል ግማሹ አሁንም አለ፣ ላቤ ያልገፈፈው።

አሁን ደመወዝ አለኝ፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ፤
አንድ ቀን «ይታደስ» የሚል ሐሳብ ያዘኝ።
ሴሚዮን ጠጋኙ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ኋላ፣
አንገቱን አየና በጣቱ አሰላ፤
«ከበቅሎው ኮርቻው ተወደደ፤ ለምን አትገዢም ሌላ?»
አልገዛም አልኩት።
መቃኛዎቹን ነቀለ፣ ስድስቱን፣ እንደ ወተት ጥርስ አንድ ባንድ፤
አጥንት ሞረደለት በፕላስቲኩ ፈንታ፣ ሽታው ያው የክሊኒካችን ነው፣ ጉድ!
ሆዱን በመዳብ ለበጠው፤ ሽቦውን ለወጠ፤
ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ግን መዳፌ ቀድሞት ተቀመጠ።
የዓሣውን ጅራት አየ። ምንም አልጠየቀኝም። ሻይ ቀዳልኝ፤
አሮጌ ዕቃዎቹን በከረጢት ቋጥሮ ሰጠኝ።

ለአባቴ ደወልኩ፦ «ፒካፕ ቀየርኩ፤ አዲስ ነው፣ ውድ ነው!» ብዬ፤
«መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ? ጭነቱስ ምንድን ነው፣ እሙዬ?»

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ፣ ሦስት ኮከብ ሲታይ
ከጊቭአት ሃሞሬ በላይ፣
መጣ። ሰካሁት።
እንደ ታጠበ ብርጭቆ የጠራ ድምፅ ወጣው፤ ወንበሩን አስጠጋ፣
«ወይ ዋጋ!» አለ፣ «ወይ ዋጋ!»
እጄን አነሣሁ። ጣቱም ከልማዱ
ተነሥቶ መጣና ግማሽ መንገዱ
ላይ ቆመ።
የሚያባብለው የለ።
«አድጓል» አለ።
ጣቱን ኪሱ ከተተ፤ ቁልፎቹን ዳሰሰ፣
ሥራ እንደ ጨረሰ ሰው፣ ቦታው እንደ ፈረሰ።

ሰኞ ወደ ሴሚዮን ሄድኩ፣ ከረጢቱን ይዤ፤
«መሀለኛውን መልሰው» አልኩ፣ በሩ ላይ ፈዝዤ።
«ይጮሃል» አለኝ።
«አውቃለሁ።»

ማብሪያው ሦስት ቦታ አለው፤ ሁለቱ ጨዋ፣ ዝምተኛ፤
መሀለኛው አልቃሻ ነው፣ ካልነኩት የማይተኛ።
አባቴ ሲመጣ ወደዚያ እገፋለሁ፤ አልነግረውም።
«ውሃ ልጠጣ» ብዬ ወጥ ቤት እገባለሁ፤ ቧንቧውን ግን አልከፍትም።
እቆማለሁ። ከሳሎን ይሰማኛል፦ እምምም…
ከዚያ፣
ዝም።