ፊትም ይጾማል ወይ?

ነሐሴ ነው፤ ጣና ጎርፍ ጠጥቶ ደፍርሷል፣
ፍልሰታ ገብቶ የአሣ ገዢው ሳስቷል።
ሦስት ቆሮሶ ልጬ፣ አንድ አምባዛ ገፍፌ
ሽምብጥ ገባሁ በዝናብ፣ በጭቃው ቀዝፌ፤
ቅርፊት እንደ ሳንቲም ክንዴ ላይ ተለጥፎ፣
የእጄ ሽታ ከእኔ ቀድሞ በሩን አልፎ።

ልጄ ይታይሽ
መስታወት አስደግፋ በስኳር ቆርቆሮ
በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ መልኳ ተቀይሮ።
ግማሽ ፊቷ እርጎና እርድ፣ ግማሹ እንቁላል፣
ማሬም ግንባሯ ላይ ወርዶ ያብለጨልጫል።
እንቁላል! ለፍስክ ብዬ ጤፍ ውስጥ የደበቅሁት፣
ከሰፈር ዶሮ ሁሉ መርጬ የገዛሁት።

«አንቺ ልጅ፣» አልኳት፣ «በጾም? በእመቤታችን ሱባዔ?»
አልሳቀችም። ከሳቀች ፊቷ ይሰነጠቃላ።
ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በጥርሷ መሃል አሾልካ፣
«እማ፣» አለች፣ «ፊትም ይጾማል ወይ?»

ቆምኩ።
ከነጎማ ጫማዬ ቆምኩ።
አፍ እንደሚጾም አውቃለሁ፤ ስለ ጉንጭ ግን ማን ነግሮኝ?

ነገ የመታወቂያ ፎቶ አላት፣ የአዲሱ የዲጂታሉ፤
«ብጉሬ ለዘላለም መንግሥት ቤት ሊቀመጥ ነው?» ትላለች።
ጓደኞቿ አስጠንተዋታል፦ እርድ ለጠባሳ፣
እንቁላል ለቆዳ ማጥበቂያ፣
ሎሚ ብቻውን አይቀባም፣ ማር ካላባበለው ያቃጥላል።
እኔ የማውቀው ሎሚ አንድ ነው፣
የአሣ ሽታ የሚያስለቅቀው።

እኔማ ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ ነበር።
የከለከለኝ ፊቴ አይደለም፣ ጣቴ ነው።
ልጁ መስታወቱ ላይ አስጫነኝ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ስምንቴ፤
በሶፍት ጠረገው፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤
«እናት፣ አሻራ የለዎትም» አለኝ፣
መርዶ እንደሚያረዳ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢላዋ ስሎት፣ የክንፍ እሾህ ወግቶት፣
አሥሩም ጣቴ እንደ ሐይቅ ዳር ድንጋይ ልሟል፣ ጨው በልቶት።

ይህን ደብቄያት ነበር።
ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዛሬ አመለጠኝ።

ይታይሽ ተነሣች፤ ፊቷን እንኳ አልታጠበችም።
ስኳር በሳህን በተነች፣ ማሩን እስከ ጠርሙሱ ቂጥ ጠረገች፣
ሁለት ጠብታ የኑግ ዘይት፤
ሎሚው ላይ ስትደርስ እጇን ያዝ አደረገች።
«ቁስል አለው?»
«የትኛው?» አልኳት።
ከአውራ ጣቴ ተነሥታ አንድ በአንድ ታሸኝ ጀመር፤
ሕፃን ሳለች ጥፍሯን ስቆርጥ በእሪታ ታደነቁረኝ ነበር፣
አሁን አዛዧ እሷ ሆና፦ «እጅሽን አትሰብስቢ!»
ሎሚው ስንጥቁ ውስጥ ገባ፣ ዓይኔ ዕንባ አቀረረ።
«ሎሚው ነው» አልኩ።
መጀመሪያ ላይ ሎሚው ነበር።

ከራሷ ውህድ የተረፈውን ጉንጬ ላይ ለጠፈችው፣
«ዝም በይ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ» ብላ።
አባቷ ካረፈ ወዲህ ፊቴን የነካው
ውሃና ፎጣ ብቻ ነበር።

መብራት ጠፋ፣ እንደ ልማዱ።
እትዬ ዘቢደር ክብሪት ልትበደር በሩን ገፋ ብታደርገው
የሞባይሏ ብርሃን ሁለት ቢጫ ፊት አገኘ፤
«በስመ አብ!» ብላ ጥላዋን ጥላ ሮጠች።
ሳቅን።
ፊታችን ተሰነጣጠቀ፣
እንቁላሉ እንደ ቆሮሶ ቅርፊት ጉልበታችን ላይ ረገፈ።

በማግስቱ አንድ ባጃጅ ይዘን ሄድን።
እርዱ ከጆሮዋ ሥር ሳይለቅ አድሮ
«የወፍ በሽታ ይዞሻል እንዴ?» አላት ፎቶ አንሺው።
ከእኔ ማሽኑ ሦስት ጣት አነበበ፤ ሰባቱን ጣና ወስዷቸዋል።
«ይሞከራል» አለኝ ልጁ፣ ወረቀት ሰጠኝ፣ ወጣሁ።

አስኳሉ ብርጭቆ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤
ስንመለስ ድመቷ ጨርሳዋለች፣ እሷ ምን ጾም አለባት።
የንስሐ አባቴ ሲመጡ ያችን የልጄን ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ።
ከከንፈሬ ዳር፣ በጨለማው፣
ምላሴ ወጥታ የቀመሰችውን ግን
አልነግራቸውም።