ተሳታፊ

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣
የሰልጣኙ ሁሉ አንገት ሲላላ፣
አሰልጣኙ ደግሞ «ወደሚቀጥለው…» ሲል
(የሚቀጥለውም ያለፈውን ሲመስል)
ስልክ እንደ ደረሰው ሰው ጎንበስ ብዬ ወጣሁ፤
ከደብረ ማርቆስ ድረስ ለዚህ ነው የመጣሁ?

ሦስት ቀን አዳማ። ያየሁት አዳማ
ምንጣፍ፣ የታሸገ ውሃ፣ ማይክ። ሌላማ
በመስኮት ነው፤ ኮረብታው ላይ የነፋስ መዘውር
ባለ ሦስት ክንዱ፣ ቀኑን ሙሉ ሲዞር።

ውጭው ሌላ ነው።
ፀሐዩ የሚገፋ፣ ነፋሱ የሚመልስ፣
አቧራው ከአንገትጌ እስከ ጥርስ የሚደርስ።
ፖስታ ቤትን ሳልፍ ባጃጅ ተከተለኝ፤
«የት ነው?» «በእግሬ ነው።» «በእግርህ የት?» አለኝ።
ዝም አልኩት፤ ፍራንኮን፣ ሐዲዱን ተሻግሬ፣
ከፍየሎች ጋራ፣ በገዛ ሁለት እግሬ።

ሠፈር ከሠፈር ሲለይ አጥር የለው፣ በር የለው፣
ድምፁ ነው የሚለየው፦
እዚህ ብረት ሲበየድ፣ እዚያ ዶሮ ሲንጫጫ፣ ሕፃን ሲያወራ፣
እዚህ «ጋሼ» የሚል፣ ሁለት ቅያስ አልፎ «ኦቦ» ብሎ የሚጠራ።

አንድ ነገር ግን አንድ ነው በሁሉም ደጃፍ፦
«ማንን ፈልገህ ነው?» ይላል እያንዳንዱ አፍ።
ጎማ የሚለጥፈው፣ በቆሎ የምትጠብሰው፣
ጥላ ሥር ተጋድሞ ዳማ የሚጫወት ሰው።
«ማንንም» ብል ሌባ፤ «ዝም ብዬ ነው» ብል እብድ፤
«እያየሁ ነው» ብል፣ ቤት ሊያስፈርስ የመጣ የማዘጋጃ ጉድ።

ገንደ ሀራ መግቢያ፣ ከቦኖው አጠገብ
አንዲት ልጅ፣ ቢጫ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ፣
«ማንን ነው?» ስትለኝ
ከአፌ አመለጠኝ፦
«ገመዳን።»

ገመዳ የሚባል ሰው አላውቅም።
አንድ ሱቅ ሰሌዳ ላይ አንብቤው ይሆናል፣ ወይም አላነበብኩትም።

«ገመዳ አናጢውን?»
አዎ ማለት አልችል፣ አይ ማለት አልችል።
ራሴን ነቀነቅኩ።
«ኮቱ» አለች። ጀሪካኗን ወረፋ ላይ ትታ፣
ኮቱ፤ ና፤ ምን ታደርጋለህ?

በተሰጣ ልብስ ሥር እንደ ሙሽራ ጎንብሼ፣
የማላውቀውን ሁሉ ሰላም እያልኩ ደርሼ፣
አራቴ ልመለስ ብዬ፣ አራቴ ዞሬ፣
ሲምቦ (እንዲያ ሲጠሯት ሰማሁ) ቆማ ስትጠብቀኝ አፍሬ።

ገመዳ ወጣ።
ብናኝ ቅንድቡ ላይ፣ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ።
እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠኝ፣
ደረቴን አየና
«አንዳርጌ!» አለኝ።

ደነገጥኩ።
ፖስታ ቤት ያልጠራኝ ስሜ፣ ፍራንኮ ያልጠራኝ ስሜ
በሰው ጓሮ መሃል፣ እንጨት ሽታ ውስጥ ቆሜ!

(ባጁ ነው። አንገቴ ላይ፣ በሰማያዊ ክር፣ ረስቼው።
አንዳርጌ፤ ከሥሩ በደማቁ፦ ተሳታፊ።)

«አንዳርጌ፣ አትቀየመኝ፤ አልጋው አላለቀም።
መብራት ነው ጉዱ። ራስጌው ብቻ ነው የቀረኝ።
ማክሰኞ ብቅ በል።»

ምን ይባላል?
«ግድ የለም፣» አልኩት፣ «አልቸኩልም።»

እንጨቱን አስነካኝ። ዋንዛ ነው፤ ለስልሷል፣
እንደ ተኛ ከብት ጎን ይሞቃል።
«ራስጌው ላይ ምን ይውጣ? አበባ? ወፍ?»
«ወፍ» አልኩ፤
ከየት እንደ መጣልኝ እንጃ።

በአሥር ሰዓት ተመልሼ ገባሁ፤ ፈረምኩ፤
የአልጋ፣ የምግብ፣ የመጓጓዣ፣ አበሌን ቆጥሬ ተቀበልኩ።
ባጁን መለስኩ። ክሩን አስቀረሁት።

ማክሰኞ እኔ ማርቆስ ነኝ፣ ከመዝገቤ ጋር።
ገንደ ሀራ ግን አንድ አልጋ
ከገመዳ ደጅ ይቆማል፣ ነፋሱ ይመታዋል፣
ባለቤቱም፣ እውነተኛው፣ ጋሪ ይዞ መጥቶ
ራስጌውን በመዳፉ ይዳብስና
«ወፍ አላልኩም ነበር» ይላል።