ማስመለስ

ሙያዬ መገመት ነው። የጠፋ እቆጥራለሁ፤
ዳኛ ሲልከኝ ሄጄ ለአመድ ዋጋ አወጣለሁ።

ከሊዝበን በስተደቡብ፣ አሌንቴዡ ሜዳ፣
የቡሽ ዛፍ ነበራት የቤልሚሩ ልጅ ዴኦሊንዳ፤
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ካባቷ የወረሰችው፣
እያንዳንዱ ግንዱ ላይ በኖራ ቁጥር ያለው።
አንድ ቁጥር ብቻ፤ ልጡ የተገፈፈበት
የዓመተ ምሕረቱ ጅራት።
ሦስት ካለ፣ በሁለት ሺ ሦስት ተገፏል ማለት ነው፤
ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ መጥረቢያ አይነካው።
ዛፍ አራጣ አያውቅም፣ ቢቸኩሉት አይሰማም፤
ቡሽ ዘጠኝ ዓመት ሳይበስል የጠርሙስ አፍ አይዘጋም።

ለመገፈፍ አንድ በጋ ሲቀረው፣ በነሐሴ ቀትር፣
የመብራት ኩባንያው ሽቦ ላልቶ ወርዶ ከቅርንጫፉ ዳር
ብልጭ አለ።
ከዚያ ነፋስ።
ከዚያ የሚቆጠር አመድ።

ሕጉ ሲያነቡት አዛኝ ነው፤ አንቀጹ እንዲህ ይላል፦
«ተጎጂ፣ ጉዳቱ ባይደርስ በሚሆንበት ይመለሳል።»
«እንግዲያው» አለች ዴኦሊንዳ፣ «ጥላዬን አንጥፉልኝ፤
አባቴ የጻፈውን ቁጥር በራሱ እጅ ጻፉልኝ።»
ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ፤ ዳኛዋ ዝም አለች፤
ቆይታ «በገንዘብ» ብላ አረመች።

በሁለተኛው ጸደይ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ሳይከሰስ፣
ከጥቁሩ ግንድ ወገብ አረንጓዴ ብቅ አለ፣ ቀስ።
የቡሽ ዛፍ እንዲህ ነው፤ ልጡ ወፍሮ ካገኘው፣
እሳት ልብሱን ነው የሚበላ፣ አጥንቱን ሳይነካው።
ደስ ይበላት ትላላችሁ። ደስታዋ ግን ተከሰሰ፤
ዶክተር ኩዋሬዥማ ተነሣ፣ መነጽሩን አበሰ፦
«ክብርት ሆይ፣ ዛፉ ካገገመ ጉዳቱ ቀነሰ።»
ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠል የኩባንያው ምስክር ሆነ።

ሄድሁ ልለይ፦ የሞተ ይህ፣ የዳነ ያ፤
ዕቃዬ እርሳስ፣ ሜትር፣ ቀይ ጥብጣብ፣ አሮጌ ካሜራ።
ሰማንያ ሦስተኛው ዛፍ ዘንድ ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
ቡቃያው በማጭድ ተቆርጧል። ርጥብ ነው፤ ነካሁ።
ዞር ስል ዴኦሊንዳ። ማጭዱ በቀሚሷ እጥፋት።
አላለቀሰች። አልካደች።
«አንዱን ብቻ ነው» አለች፣ «ሁለተኛውን ፈራሁት።
ሲድን ገንዘቤ ይሄዳል፣ ሲሞት ዛፌ ይሄዳል፤
አንተ ገማች ነህ፣ ንገረኝ፣ የቱን ብመኝ ይሻላል?»

በያዝሁት ቅጽ ላይ ለዚህ የሚሆን ሣጥን አጣሁ፤
ሰማንያ ሦስትን ዘለልሁ።
ለማንም አልተናገርሁም። እነሆ፣ ዛሬ ጻፍሁ።

ስድስት ዓመት ቀጠሮ። ጠበቃ ሞቶ ጠበቃ ተተካ፤
ፍርዱ በመጋቢት ተነበበ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲመታ።
ኩባንያው ሆዱን ይዞ
አስመለሰ፤
ሢሶውን ጠበቃ ላሰ፤
የቴምብሩ፣ የኔም አበል ከላዩ ተቀነሰ፤
ወለዱ ጥቂት ካሰ።
«ወይዘሮዋ አስመለሰች» አለ ጋዜጣው፣ በአንድ መስመር።
የተተፋ እህል ግን ወደ ማሳው አይመለስም፤
ይህን ጋዜጣው አልጻፈም።

በዚያው በጋ በዚያ አለፍሁ፣ አንዳች ሥራ ሳይኖረኝ፤
መኪናዬን አቆምሁ። ምን እንደሆን እንጃ፣ ጎተተኝ።
ኖራ በቆርቆሮ ይዛ፣ ብሩሹን እያራሰች፣
ከግንድ ግንድ እየዞረች ስምንት ስምንት ትጽፋለች።
«ምን ተገፈፈ ዘንድሮ?» አልኋት፣ «ምርት በሌለበት?»
ሳትዞር፣ «እኔ» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ቁጠርበት።»
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ደመርሁ፤ ልማዴ አይተወኝ።

ሰማንያ ሦስተኛው ዘንድ ስትደርስ ቆመች፤
ያ ቁስል ጠባሳ ሆኗል፣ ከጎኑ ሌላ አቆጥቁጧል።
ቁጥር አልጻፈችበትም።
ብሩሹን ለኔ ሰጠችኝ።