መብራት ሲሄድ

ኅዳር ነው፤ በረሳ ዳር ሣሩ ውርጭ ለብሷል፣
የቤተ ሙከራው መስኮት በትንፋሽ ርሷል።
ማናህሎሽ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ፣
ጠብታ አሳየችኝ፣ ከሌሊት ጨለማ
የጠቆረች፣ እንደ ሞተር ዘይት የምታበራ፣
ከብረት ጨውና ከአሞኒያ የወጣች የእጇ ሥራ።

«ብረት ነው?» አልኳት። «ነው፤ ግን ደቅቆ፣ ደቅቆ፣
ከዓይን ድንበር ርቆ።
ራቁቱን ከተውነው ይጣበቅና ይዘቅጣል፤
እንደ ጠላ አተላ ከታች ጓጉሎ ይቀመጣል።
አባቴ ፋብሪካው ውስጥ ብርድ ልብስ ሲሸምን አረጀ፤
እኔም ጋ ለያንዳንዷ ቅንጣት አንዳንድ ተበጀ፤
ጠጉሩ ከዘይት አሲድ ነው፤ እንዳይነካኩ፣ እንዳይተቃቀፉ፣
ተያይተው እንዲያልፉ።»

ከጠብታዋ ጥቂት መስታወት ላይ ቀባች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
ገላዋን ሳይሆን ብልጭታዋን፤ ብዙ ቆየሁ።
ወዲያ ትላለች፣ ወዲህ፣ ያለ መንገድ፣ ያለ ጉዳይ፣
ነጭ ጋዙ ከግራ ከቀኝ ሲገፋት፣ እሱ ሳይታይ፤
ቅዳሜ ገበያ መሐል ገንዘብ እንደጠፋበት ሰው፣
ትከሻ የሚገፋው፣ ትከሻ የሚመልሰው።
ሙቀት ነው እግሯ። ሲበርድ ጋዙ ይወፍራል፣
እርምጃዋ ያጥራል።
ማናህሎሽ ብልቃጡን በብብቷ ታሞቃለች፤
«ደብረ ብርሃን ለስርጭት አይመችም» ትላለች።

ከዚያ ማብሪያውን ተጫነች። ጥቅልሉ እምም አለ፤
ጠብታዋ ላይ የጃርት ወስፌ በቀለ።
መስታወቱ ላይ ያሉት ተሰለፉ፣ አንዷ የአንዷን ጫፍ ይዛ፣
ሰሜን ከደቡብ ተጋብቶ ሰንሰለቱ በዛ፤
ስኳር መጣ እንደተባለ የቀበሌ ሰልፍ።
በሰልፉ ርዝመት መሄድ ይቀላል፤ ጭንቁ ወደ ጎን ማለፍ።

ሦስት ወር ሙሉ ያሳደደችው ይህንን ልዩነት ነው።
ብዕሯን አነሳች፤ ሰዓቱን ጻፈች፤

መብራት ሄደ።

ጥቅልሉ ዝም። ከጠባሴ በኩል ውሻ።
ወስፌው ረግፎ ጠብታዋ ክብ ሆና ተኛች።
ቁልፌን ፈለግሁ፤ ጄኔሬተሩ የኔ ነው፣
መብራት በሄደ ቁጥር መሮጥ ነው እንጀራዬ።
«ተወው» አለች ክንዴን ይዛ። «ሲለቀቁ
እንዴት እንደሚበተኑ ለክቼ አላውቅም።
ስልክህን ከመስታወቱ ሥር አብራልኝ። ቁጠር።»

ቆጠርኩ።
ሰባት ላይ የሰልፉ መሐል ላላ።
አሥራ ዘጠኝ ላይ አንዷ የጎረቤቷን ጫፍ ለቀቀች፣
ቆም ያለች መሰለኝ፣
ወዴት እንደምትሄድ የሚነግራት ጠፍቶ፤
ከዚያ ያው የቅዳሜው ትከሻ መጥቶ ገፋት።
ሠላሳ። ጣቴ ደንዝዟል። የማናህሎሽ ትንፋሽ
ጆሮዬ አጠገብ ቁጥሩን ይደግማል።
አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣

ጥቅልሉ እምም አለ፤ አምፖሉ በራ፤
የተበተነው ሁሉ ተመለሰ ወደ ተራ።
አሥራ አንድ ዓመት መብራት ስጠብቅ የኖርኩት ሰውዬ፣
«ምን አስቸኮለው!» አልኩ፣ መጣ ብዬ።