የእጅህ ማውጫ

ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ጉም ሳያንኳኳ በሚገባበት ደጅ
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ካሴት ትተህ ሄድክ፣ አባዬ፣ ለአንዲት ልጅ።
በጀርባቸው፣ በቢክ እስክሪብቶ፣ የጫርከው ስም ብቻ፦
«የእነ ሙሄ ቤት»፣ «ሮቢት»፣ «የአንጓች ጋብቻ»፤
አንዱማ «ያ ዝናብ የጣለ ቀን» ይላል፣ ሌላ የለው፤
የትኛው ዝናብ? ደሴ ላይ ያልዘነበበት ሰርግ ስንት ነው?

ሰው ይመጣል። ስም ረስቶ፣ ዓመት ረስቶ፣
አንድ አረማመድ ብቻ በልቡ አስቀርቶ፦
«አጎቴ በግራው ያነክስ ነበር፣ እሱን ፈልጊልኝ»፤
«እህቴን፣ ስትጨፍር አንድ ትከሻዋ ይቀድማል፣ እሷን አሳዪኝ»።

ኮምቦልቻ ስማር፣ ሐረጎን ስወርድ ስወጣ ያውጠነጠንኩት
ፕሮግራም አለኝ፤ ፊት አይጠይቅም፣ ስም አይሻም፤ እንዲህ ነው ያልኩት፦
ምስሉን ከሚቀጥለው ምስል ጋር አስተያይ፣
ምን ወዴት እንደሄደ በትንንሽ ቀስት አሳይ።

እስክስታ፣ ትከሻ ላይ የሚርመሰመስ የቀስት መንጋ፤
መንዙማ፣ ከወገብ በላይ የሚወዛወዝ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ፤
ሰርገኛ መኪና ሲያልፍ ሁሉም ባንድ ፊት ይነጉዳል፤
ማሽኑ ይህን ይመዘግባል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ያስቀምጣል።
ወይዘሮ ጦይባ እህታቸውን አገኙ፣ ሦስት ሰርግ ላይ፣ በአርባ ሴኮንድ፤
«ኧረ ይቺውና!» ብለው ስክሪኑን በመዳፋቸው መቱት፣ እንደ ዘመድ።

ግን ከሁሉ በፊት አንድ ሥራ አለ።
ካሜራው ራሱ ይንቀሳቀሳልና
የያዘው ሰው እጅ፣ ትንፋሹ፣ እርምጃው
ተሰልቶ ይቀነሳል። ይጣላል።
መምህራችን «ረብሻ» ነበር የሚሉት።
ኮዱ አንድ መስመር ነው።
ለካ አንተን የሚጥል መስመር ነው።

ከሁለት መቶ አሥራ ስድስቱ በአንዱም የለህም፤
ሀገሩን ስታነሣ አንተን ያነሣህ የለም።

አንድ ማታ መስመሩን ገለበጥኩት፤
ሰርጉን ጣልኩና ትራፊውን አስቀረሁት።
ስክሪኑ ጠቆረ። አንድ ክር ብቻ ቀረ፣
ከፍ ዝቅ የሚል፤ ትንፋሽህ ነበረ።
ሰኞ ገበያ ዳገቱ ላይ ሙሽሮቹን ለመቅደም ስትሮጥ አየሁህ።
የዚያን ክረምት ሳልህን አየሁ።
አንድ ቦታ ክሩ ተንዘፈዘፈ፤ ደንግጬ ድምፁን ከፈትኩ፦
ሽማግሌው በምርቃቱ መሀል የሙሽራውን ስም ረስተው
አንተ አፍህን ይዘህ ትስቃለህ።

ከዚያ በየዓመቱ ደረደርኩት።
እጅህን መንቀጥቀጥ የጀመረው ሐኪም ያየህ ጊዜ አይደለም፤
ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በአንጓች ሰርግ፣
እንደ ስፌት መኪና መርፌ፣ ቀጭን፣ በሴኮንድ አምስቴ።
ማንም አላየ። አንተም አልተናገርክ።
ከአንጓች ወዲህ ግን ሁሌ ግድግዳ፣
ሁሌ የበር መቃን ተደግፈህ ነው ያነሣኸው።
«ይመር ሰንፏል፣ እንደ ድሮው አይዞርም» ሲሉ
እኔም አብሬ ብያለሁ።

ዛሬ አንድ ደንበኛ መጣ። «ምስሉ ይንቀጠቀጣል» አለ፣
«አታስተካክይውም?»
ማስተካከሉ አንድ መስመር ነው።
«ዋጋው ይጨምራል» አልኩት።
አይጨምርም።